«ወዬ» የጠፋበት ሰሞን

እኛ ከሚሴዎች ታላቅ ሲጠራን «አቤት»፣ ታናሽ ሲጠራን «ወዬ» ለማለት የምንሰንፍ ሰዎች አይደለንም። አንድ ሰሞን ግን ከተማው በሙሉ የደነቆረ መሰለ። ባጃጅ ነጂው ሲጠሩት ዝም፣ ባለሱቁ ሲጠሩት ዝም። ጥፋቱ የኔና የአራት ሰዎች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቴሌግራም የሚያስፈራ ታሪክ በክፍል በክፍል የሚጽፍ ሰው ነበር። እኔ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ፤ የሱን ታሪክ እያነበብኩ ስሰፋ የስንቱን ቀሚስ እጅጌ አጣምሜአለሁ። ሰውየው ታሪኩን መሃል ላይ ጥሎ ጠፋ። ብንጠብቅ፣ ብንለምን፣ ወፍ የለም። አንባቢዎቹ ተናደድን፤ እኔ ደግሞ ተናድጄ ዝም ማለት አላውቅበትም። «እሱ ካልጨረሰው እኛ እንጨርሰዋለን!» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የባቲ አስተማሪ፣ አንድ የሰንበቴ የእንስሳት ሐኪምና ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ተከተሉኝ። በየተራ አንድ አንድ ክፍል ልንጽፍ ተስማማን።

መጀመሪያ አውሬውን ወደ አገራችን አመጣነው። ሰውየው የትም የማይታወቅ ጫካ ውስጥ ነበር ያኖረው፤ እኛ ጨፋ ላይ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ሰው የሚውጥ ማሽላ ውስጥ አስገባነው። ማማ ላይ ወጥታ ወፍ የምትጠብቅ አንዲት ልጅም አመጣንለት። አውሬው መልክ የለውም። የምትወደውን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይጠራሃል፤ ከመለስክለት ይወስድሃል። ደግነቱ ከሁለት ጊዜ በላይ መጥራት አይችልም፤ ሦስተኛ ጊዜ የጠራህ ሰው ነው። ይህችን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አገሩን ያደነቆረችውም እሷ ናት።

ሱቄ ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ደንበኛ ሲጠራት ሁለት ጣቷን አንስታ ትቆጥርና በሦስተኛው ትስቃለች። ሰንበቴ ገበያ ላይ አንድ የግመል ደላላ ገዢውን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም ቢለው «ወላሂ ሰው ነኝ!» ብሎ ማለ አሉ፤ ይህን የነገረን ሐኪሙ ነው። አንዷ አንባቢ «ባሌ ሲጠራኝ ዝም ብዬው ተኳርፈናል፤ ግድ የለም፣ ቀጥሉ» ብላ ጻፈች። ሌላው «እባካችሁ በጠራራ ፀሐይ ልቀቁልን፣ ሲመሽ ማንበብ አልችልም» አለ። እኔ በአንድ ቀሚስ እንኳ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት እንደተሰገደ ሱቄ መጥታ ትቀመጣለች፤ እኔም ስልኬ ላይ የመጣውን አነብላታለሁ። ጅዳ ለሥራ የሄደችው እህቴ የላከችው መልእክት፣ የዘመድ መርዶ፣ ለታመመ ሰው ዱአ አድርጉ የሚል ልመና፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚወጣው። ታሪኩንም እዚያው ወንበር ላይ በዚያው ድምፅ አነበብኩላት። ከዚያ ስልክ ውሸት ይወጣል ብላ የምታስብበት ምክንያት አልነበራትም። እኔም ስትደነግጥ ደስ ስላለኝ፣ ፈጠራ መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ።

የአስተማሪው ተራ ሲደርስ አውሬው ሦስተኛውን ጥሪ እንዲማር አደረገው። ልጅቷ ማማው ላይ ቀረች። እናቷ ከየአቅጣጫው ትጠራታለች፤ የትኛዋ እውነተኛ እንደሆነች አታውቅም። መጨረሻውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አምስታችንም ተስማምተናል፤ ልጅቷ ወዬ ትላለች፣ ያልቅላታል።

እናቴ ይህን ክፍል ከሰማች በኋላ እህል አልቀምስ አለች። ሐሙስ ቀን ለምሳ ቤት ስገባ በሩ በጫማ ተሞልቷል። የሰፈሩ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተደርድረው፣ ጫቱ መሃል ተቀምጦ፣ ወዳጃ ይዘዋል። እኛ ጋ ሰው ሲታመም ወይም ልጅ ሲርቅ ሴቶች እንዲህ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ትለምናለች፣ ሌሎቹ አሚን ይላሉ። ማን ታመመ ብዬ ደነገጥኩ።

«ለዚያች ኢንተላ ነው» አለችኝ እናቴ፣ ልጅቷን በኦሮምኛ ጠርታ። «ማሎ፣ እባክሽ ነይ ቁጭ በይ። ስሟ ማነው? የማን ልጅ ናት?»

ስም አላወጣንላትም። «አላውቅም» አልኩ፤ ቢያንስ ይህ እውነት ነበር።

«አላህ ያውቃታል» አሉና ዱአ መሪዋ አሮጊት እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ያችን የሰው ልጅ ከማሽላው አውጣት! ለእናቷ መልሳት!»

«አሚን!»

አሚኑ ቤቱን ሞላው። አንዷ በወፍራም ድምፅ፣ አንዷ በቀጭን፣ አንዷ እየሳለች። እናቴ ደግሞ እንደ ልማዷ ልመናው ሳያልቅ ቀድማ ነው አሚን የምትለው። እኔ በሀፍረት አላበኝ። እውነቱን ብናገር እናቴ ለሌለች ልጅ ሰፈሩን ያስለመነች ተብላ የሰርግ ቤት መሳቂያ ልትሆን ነው። ዝም ብል ደግሞ ነገ ልጅቷን ገድዬ ላነብላት ነው።

ሴቶቹ ሲሄዱ ነገርኳት። «እማዬ፣ ልጅቷ የለችም። ከሰዎች ጋር ሆኜ የጻፍኳት እኔ ነኝ። መጨረሻዋንም የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ስድቡን ጠበቅሁ።

«መጨረሻዋ ባንቺ እጅ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛ ግማሽ ቀን ስንለምን አንቺ ምን ትጠብቂ ነበር? ተነሺ፣ ጻፊና አውጫት!»

«ሴቶቹስ ምን ይላሉ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

ወዲያው ጻፍኩ። አውሬው በአንድ ጊዜ የአንድን ሰው ድምፅ ብቻ ነው ማስመሰል የሚችለው። ልጅቷ ከማሽላው ማዶ አሚን ሲባል ሰማች፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ በሳል የተቆራረጠው፣ ልመናው ሳያልቅ የሚቸኩለው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። አውሬው ይህን አይችልበትም። ከማማዋ ወረደች፣ አሚኑን ተከትላ ወጣች።

አስተማሪው ቱግ አለ። «የሚያስፈራ ታሪክ በዱአ ያልቃል እንዴ?» መልስ ሳልሰጠው አንባቢዎቹ መለሱለት። ከላይ እስከ ታች አሚን፣ አሚን፣ አሚን። በማግስቱ እሱም አሚን ብሎ ጻፈ።

በዚያው ቀን ከአስር ሰላት በኋላ እናቴ ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ ሱቄ መጣች። «የልጄ ጽሑፍ ነው፤ ዱአችን ገብቶበታል፤ ስሙ!» አለቻቸው ኮራ ብላ። አነበብኩላቸው። እየሳለች አሚን ስትል የነበረችው ሴት «ሳሌን ሳይቀር?» ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እናቴን ማንም ምንም አላላትም።

አስተያየቶቹን ሳነብላቸው ከጅዳ የተላከ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። እህቴ ናት፤ የታሪኩ አንባቢ መሆኗን አላውቅም፣ በብዕር ስም ስለምንጽፍ እሷም እኔ እንደምጽፍ አታውቅም ነበር። ከፈትኩት።

«ወላሂ፣ ያንን የሚቸኩለውን አሚን አውቀዋለሁ» አለ ድምጿ፣ በሳቅና በለቅሶ መሃል። «የእናቴ ነው። ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን እዚህ ሆኜ ሰማሁት። እማዬ!»

እናቴ ሦስተኛውን ጥሪ አልጠበቀችም። ከወንበሯ ብድግ ብላ ወደ ስልኩ፣ «ወዬ!» አለች።