የባሌ ጂፕ ውሃ ስትጠጣ

ባሌ ቁጭ ማለት የማይችል ሰው ነበር። ምሳ ሲበላ እንኳ አንድ እጁ ከወጡ ላይ ነው፤ ሌላው ኪሱ ውስጥ ያለውን የመኪና ካንዴላ ያገላብጣል። «እባክህ ያን ጥቁር ነገር ከገበታ አርቅልኝ» እለዋለሁ። «እሺ» ይልና ወዲያው ያገላብጣል። እኔም ብሆን መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ አባቴን አንቱ ስትል ኖራለች፤ እኔ ግን ባሌን አንተ እያልኩ፣ እሱ ሲሮጥ እኔ ስከተል፣ ስጨቃጨቅ ነበር የምውለው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ንፋስ መውጫ እንኖር ነበር። እሱ አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረችው። በበጋ ደብረ ታቦር ድረስ ሰውና እህል ያመላልስባታል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀይና ጂፒቱ በረት ውስጥ ከላሞች ጋር ትከርማለች። ቤንዚን በርሜል ተጭኖ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። እኔ አረቄ አወጣ ነበር። አረቄዬ ሁልጊዜ ጠጪ አያጣም፤ የሱ ሥራ ግን በርሜሉ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ይሄ ነገር ያንገበግበው ነበር።

የውሃው ነገር የጀመረው በጉም ነው። አንድ ቀን ከጉና ተራራ ሥር ሲያልፍ ጉም ወረደበት። ማታ ዓይኑን አፍጥጦ መጣና፣ «አንቺዬ፣ ጉሙ ውስጥ ስንገባ የሞተሯ ድምፅ ለሰለሰ! ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው!» አለኝ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«እርጥበት ትወዳለች ማለት ነዋ! ውሃ በጠብታ ባጠጣት በትንሽ ቤንዚን ብዙ ትሄዳለች።»

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ቤንዚን ውስጥ ውሃ ገባ ማለት መኪና ቆመ ማለት እንደሆነ እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ ይህንኑ ነገርኩት። «ከቤንዚኑ ጋር ማን አለሽ? ከምትተነፍሰው አየር ጋር ነው የማጠጣት» አለኝና ወጣ።

ከጤና ጣቢያው ድሬሰር የግሉኮስ ጠርሙስና ቀጭን ቱቦ ለምኖ አመጣ። ጠርሙሱን ከኮፈኑ ሥር በጠፍር አሰረው፤ ቱቦውን ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ወደ ካርቡራተሩ አፍ ሰደደው፤ ጠብታውን የሚመጥንበት ደግሞ ስንጥቅ እንጨት መሃሉ ላይ ቆነጠጠበት። መጀመሪያ ቀን አበዛባትና ታፈነች። ነጭ ጭስ ተፍታ ገበያው መሃል ቀጥ አለች፤ ሰው እየሳቀ ገፍቶ አመጣት። በሌላ ቀን የምንጩ ውሃ ደለል ኖሮበት ቱቦው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ማጥለያ ሲፈልግ ምን አግኝቶ ቢያጠልበት ጥሩ ነው? የክት ነጠላዬን! ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼበታለሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ ብርዱ መጣ። የንፋስ መውጫ ብርድ ምሕረት የለውም፤ ማለዳ ኮፈኑን ሲከፍት ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ግግር ሆኖ አገኘው። ጠርሙሱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ቆሞ አረቄዬን ያያል።

«ምን ፈለግህ?»

«አረቄ ብርድ አይበግረውም። ውሃው እንዳይረጋ አንድ መለኪያ ብቻ።»

«ዓይንህ ላፈር! እኔ እሳት ስማግድ የምውለው ለጂፕ ነው?»

ሰጠሁት፤ ምን ላድርግ፣ ሳልሰጠው አይሄድም። ከዚያ ወዲያማ ገበያተኛው «ጂፒቱ ዛሬስ ስንት መለኪያ ጠጣች? ዳገቱን ስትወጣ ስታንጎራጉር ሰማናት!» እያለ ሲያበሽቀኝ ባጀ። እሱ እቴ፣ ደንታም የለው። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ቀጭን እንጨት ቤንዚኑ ውስጥ ይነክርና በጣቱ እየለካ «ይኸው፣ ተርፏል! ዓይን የለሽም?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ይተርፍ ነበር። እኔ ግን አላምንለትም። እሱም መቼም ተሸንፎ አያውቅም። ቢዘጋ ጥፋቱ የቱቦው ነው፣ ቢረጋ የብርዱ ነው፣ ብትታፈን የእጁ ነው፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነው። «አልሠራም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አልሰማሁም።

አባቴ የእስቴ ገበሬ ነበሩ። ለዚህ ሰው ዳሩኝ እንጂ አልመረቁኝም። ሽማግሌዎቹ ሲከብዷቸው እሺ አሉ፤ ሠርጌ ላይ ግን ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲመርቅ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። በኋላ አንድ ጊዜ ንፋስ መውጫ ሊጠይቁን መጡ። ባሌ ደስ ብሎት ኮፈኑን ከፈተና ጠርሙሱን አሳያቸው። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እሳትና ውሃ አጋብቼ አኖራለሁ የሚል ሰው፣ የኔን ልጅ እንዴት አድርጎ ሊያኖራት ነው?» አሉ። ላድርስዎ ቢላቸው በጄ አላሉም፤ በበቅሏቸው ተመለሱ።

እኔ ደግሞ ልጅ አልወለድኩም ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ አባቴ ስላልመረቁኝ ነው የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። ለማንም አልተናገርኩትም። አንድ ቀን እግራቸው ላይ ወድቄ፣ በአፋቸው «ተባረኪ» ሳላሰኛቸው አልነሣም ብዬ ነበር የምኖረው።

ጥር ላይ ነው፤ ባሌ ማልዶ ወደ ገበያ ወጣና ወዲያው ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ከእስቴ የመጣ ሰው አገኘሁ። አባባን ትንሽ አሟቸዋል አለኝ። ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ትንሽ ነው?»

«ትንሽ ነው አለኝ።»

እግሬ መቆሚያ አጣ። ጋቢ አነሣሁ፣ ማር በጠርሙስ ያዝኩ፣ እሳቱን ማጥፋት ረስቼ ተመለስኩ። ቤንዚን የለም፤ በርሜሉ ከደረቀ ሰንብቷል። «ጂፒቱ ውስጥ ያለችው ቤንዚን በራሷ አታደርሰንም፤ በውሃው ግን እንደርሳለን» አለኝ። ያን ቀን አረቄውን ጠርሙሱ ውስጥ በገዛ እጄ ጨመርኩለት። ቅር ሳይለኝ፣ ሳልሰፍር።

እስከ ደብረ ታቦር ጂፒቱ በረረች ማለት ይቻላል። ዕድሜዬን ስሰድበው የኖርኩትን ጠብታ እየተሳልኩለት ነበር የምሄደው። እግሬ የመኪናዋን ወለል ይገፋል፤ የምነዳት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ደብረ ታቦር ስንደርስ ፀሐይ ገና አናታችን ላይ ነበረች። በዚያ አያያዝ ለማታ የአባቴ ቤት ካለባት ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ እንገባለን።

ከዚያ ወደ እስቴ እንደተጠመዘዝን ቀጥ አደረጋት።

«ምን ሆነች?»

«ውሃው ተዘጋ።»

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ቱቦውን ነቀለ፣ እፍ አለበት፣ መለሰው። ጥቂት ሄደን ደግሞ ቆመ። ደግሞ ሄድን፤ ደግሞ ቆመ። ደሜ ፈላ።

«ሰውዬ፣ ያን ጠርሙስ ድፋውና ዝም ብለህ ንዳ!»

«ቤንዚኑ አይበቃንም። አሁን ይከፈታል፣ ተቀመጪ።»

«አባቴ እየጣሩ አንተ ከካርቡራተር ጋር ትሳሳማለህ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፣ ራሱን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጣ። ያን ተረት ባልተረተብኝ! አባቴ ያሉትን ሁሉ፣ ከዚያም እኔ የጨመርኩበትን፣ አንድ በአንድ አወረድኩበት። ሌላ ቀን ቢሆን ቱቦውን ወርውሮ ይሟገተኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገና፣ «ልክ ነሽ። ይሄ ነገር አልሠራም» አለኝ።

 ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ ይልቅስ የማሩን ጠርሙስ አጥብቄ ያዝኩ።

እንዲህ ስንቆም ስንሄድ መሸ። መካነ ኢየሱስ ከፊታችን፣ ብንጣራ ልንሰማ ምንም ሳይቀረን፣ «መብራቷ ደካማ ነው፤ ገደል ልንገባ ነው» ብሎ ከመንገድ ዳር ካለ ዘመዱ ቤት አሳደረኝ። በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ የቤቱ ባለቤቶች ለመኑኝ፣ እሱም ትከሻዬን ይዞ «እባክሽ» አለኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ።

ሊነጋጋ ሲል «ተነሺ» አለኝ። ጂፒቱ በአንድ ጊዜ ተነሣች። ያ ሁሉ መንተፋተፍ የት ሄደ? ጠብታው እንደሆነ እዚያው ነው፣ ጠርሙሱም እንደታሰረ ነው። «ዛሬስ ምን አገኛት?» አልኩት። መንገዱን እያየ ማርሽ ቀየረ።

የአባቴ ደጅ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። አጎቶቼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ እናቴ ፀጉሯን ተላጭታለች። አንድም ሰው ሊስመኝ አልመጣም። ገና አፉን የከፈተም አልነበረም፤ እኔ ግን በሩን ከፍቼ ወርጄ ነበር። እኔም እኮ ለስንት ሰው ስንት ጊዜ አፌን ዘግቼ፣ ጎህ ጠብቄ መርዶ ሳስነግር ኖሬአለሁ። በራስ ሲመጣ አይታይም። «አባባ! ሳይመርቁኝ! ሳይመርቁኝ!» ማለቴን ነው ሰዎች የነገሩኝ።

ሐዘኑ ረገብ ሲል ወደ ቤታችን ተመለስን። ጂፒቱ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አንዴ ሳትቆም አለፈችው። ያን ቀን የቆምንባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እያየሁ ነው የምሄደው። አላስችል አለኝ።

«አቁም» አልኩት። አቆመ። «ያን ቀን ቱቦው ተዘግቶ ነበር?»

ሞተሩን አጠፋ። «አንዴም አልተዘጋም» አለ። «እንደዚያ ቀን አድርጋ ሠርታም አታውቅ።»

«ማረፋቸውን ታውቅ ነበር።»

«ሰውዬው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ አባባ ተቀብረዋል። በሌት አታግባት፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ጎህ ሲቀድ አምጣት ብለው አጎቶችሽ ልከውብኝ ነው።»

«ታዲያ ቤንዚን አለቀ አትለኝም ነበር? ስትቆም ስትሄድ አንጀቴን ከምታሳርረው!»

«ቤንዚን አለቀ ብልሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ። ተዘጋ ስልሽ ግን፣ አሁን ይከፈታል ብለሽ ትቀመጫለሽ።»

 ተናድጃለሁ። ልመታው ሁሉ ፈልጌ ነበር። «ትነግረኝ ነበር!» አልኩት። «ባሌ አይደለህም? መንገድ ላይም ቢሆን ትነግረኝ ነበር!»

እጁ መሪው ላይ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ እጅ ምንም ሲነካካ አላየሁትም።

«እዚህ ጂፕ ውስጥ፣ ከእኔ ሌላ አቃፊ በሌለበት፣ አባትሽ እንዲሞቱብሽ አልፈለግኩም» አለኝ።

የአባቴን ለቅሶ እዚያ ደጅ ላይ የጨረስኩት መስሎኝ ነበር። እንደገና አለቀስኩ።