ከመስኮቱ ዳር

ሽማግሌው ማራኪ ሰፈር ካለው የአምሐ ጌም ቤት የገቡት ልክ በአምስት ሰዓት ነው። ጋቢያቸውን የገጠሩ የኮሶዬ ጭቃ ነክቶታል፤ ስልካቸውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ይዘዋል።

«አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን በጨዋታህ አለ አሉኝ። አሁኑኑ አስነሳልኝ።»

አምሐ አስነስቶ የጨዋታውን ካሜራ ከአውሮፕላኑ ውጭ ሲያደርገው ተቆጡ። «የውጩ ምን ያደርግልኛል? ከመስኮቱ ዳር አስቀምጠኝ!»

ደመናውን ትተው ስክሪኑ ጥግ ባለው የከፍታ ቁጥር ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ቁጥሩ ማሽቆልቆል ሲጀምር የአምሐን ክንድ ጨመደዱ።

«ምነው ወረደ?»

«ሊያርፍ ነው፣ አያ።»

ጎማው መሬት ሲነካ አማተቡ። «ተመስገን! እንግዲህ በአምስት ሰዓት የተሳፈረችው ልጄም ደርሳለች፤ ትደውላለች።»

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ አልጠራም።

«እስቲ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «እንደገና አስነሳልኝ።»