ተመላልሶ የመጣብኝ ዓሣ

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ሳይቆይ ነው የገጠመኝ። ያን ጊዜ ከደጋ የመጣን የመንግሥት ሠራተኞች ሁላችንም ልባችን ተሰቅሎ ነበር። አንዱ «ውጡ ሊሉን ነው» ይላል፣ ሌላው «ማን ነክቶን!» ይላል። እኔ ጤና ጣቢያ ነበር የምሠራው። ልሂድ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሳመነታ አንድ ዓሣ ጭራሽ ግራ አጋባኝ። እስከ ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጣም።

የተከራየሁት ቤት ጓሮ ለምርጊት ጭቃ የወጣበት ትልቅ ጉድጓድ ነበረው። ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቀው ኩሬ ሆኖ ቀረ። ጎመኔን የማጠጣው ከዚያ ነበር። አንድ ቀን ባልዲዬን ስነክር የሆነ ነገር ከሥር ተገላበጠ። እንደ እባብ የረዘመ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ! በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

ልተወው ብል አልሆነልኝም፤ ውሃ መቅዳት ፈራሁ። የተቀደደ አጎበሬን እንጨት ላይ ወጥሬ፣ ጭቃው እያንሸራተተኝ በስንት ትግል አወጣሁት። መግደሉን ግን አልደፈርኩም። በባልዲ አድርጌ ከአጥሩ ማዶ ላለችው ለኛዳክ ሰጠኋት። ኛዳክ ኑዌር ናት፤ ወንዝ ዳር ስላደገች ዓሣ ትወዳለች ብዬ ነው። እዚያ አገር ሰው አለኝ የምለው እሷን ነበር። በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ጎመኔን ላጠጣ ብወጣ ዓሣው ኩሬው ውስጥ አለ! ሌላ ነው እንዳልል የአጎበሬ ክር ክንፉ ላይ ተጠምጥሟል።

አምልጧት በጭቃው ተስቦ መጥቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አጥምጄ ሰጠኋት። አሁንም ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። አሁንም ተመልሶ መጣ። ወይ ጉድ! ጠበል ረጨሁበት፤ እሱ ምን ተዳው፣ ይዋኛል።

አብራኝ ለምትሠራው ለስንዱ ነገርኳት። «ምኑ ነው ያልገባሽ? ስጦታሽን ዓይንሽ እያየ ስትመልስልሽ፣ አገርሽ ግቢ ማለቷ ነው። ዝውውር ጠይቂ!» አለችኝ። ክው አልኩ። ኛዳክ እንዲህ ካለችኝማ ማን ቀረኝ?

ቅዳሜ ስንዱ ራሷ መጥታ ዓሣውን አወጣችው፣ አረደችው፣ ጠበስነው። እኔ ግን ሆዴ አልቆርጥልኝ አለ። ቂም እንደሌለኝ ትወቅ ብዬ አንድ ሳህን ሙሉ ለኛዳክ ወሰድኩላት። ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተቀብላኝ ገባች። ከዚያ ወዲያ ድምጿን አልሰማሁም። ልጆቿም አጥሩ ጋ መምጣት ተዉ።

አሁንማ ቁርጤን አወቅሁ አልኩ። ዝውውር ለመጠየቅ ወሰንኩ። ሳልሰናበታት መሄድ ግን አቃተኝና ቤቷ ሄድኩ።

«ኛዳክ፣ ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«እሱ ዓሣ በባሌ ጎሣ አይበላም፣ አይገደልም። ከድሮ ጀምሮ ዘመድ ነው» አለችኝ። «አንቺ አምጥተሽ ሰጠሽኝ፤ እኔ በጠዋት ቤቱ፣ ኩሬው ውስጥ መለስኩት። ደግሞ ሰጠሽኝ፣ ደግሞ መለስኩት። ለባሌ ‹ይቺ ሴትዮ የእኛን ነገር ታውቃለች፣ ሰው እንዳይገድለው ለእኛ ታመጣለች› አልኩት። እሱ በጣም ደስ አለው። ከዚያ ሳህን መጣ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። «ታዲያ ሳህኑን ለምን ተቀበልሽኝ?»

«ጎረቤት በእጁ ያመጣውን እንዴት አልቀበልም?»

«ምን አደረግሽው?»

«ልጆቹ ሳያዩ ቀበርኩት።»

አፌ ላይ የመጣልኝ «እግዜር ያጥናሽ» ነው። ለጠበስኩት ዓሣ! ልትስቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች። ከዚያም ፈቀቅ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።

ዝውውሩን ተውኩት፤ ጋምቤላም ብዙ ዓመት ኖርኩ። በዕድሜዬ ስንት ልቅሶ ደርሻለሁ። ራሴ ጠብሼ የደረስኩት ግን ያንን ብቻ ነው፤ ልሳቅ ልዘን አሁንም አላውቅም።