ደግፌ ዛፉ ውስጥ የገባ ዕለት

ደግፌ አውቶቡስ ሲነዳ ጸጉሩ የሸበተ የለንደኗ ሆሎዌይ ሰፈር ሰው ነው። የመጨረሻ መስመሩ ለንደን አልቆ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ ድሮ ገጠር ከነበረ መንደር ያደርሰው ነበር። ከፌርማታው ፊት ለፊት አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። መቃብር የሞላበትን ግቢውን በአውቶቡሱ መስታወት አሻግሮ ያየዋል እንጂ ወርዶ ለመርገጥ ሰዓቱ አይፈቅድለትም። ጡረታ በወጣ ማግስት ተሳፋሪ ሆኖ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው!

ሚስቱ እሌኒ ነገሩ አላማራትም። እህቷ አዲስዓለም ካረፈች ወዲህ የመቃብር ወሬ አትወድም፤ ሳቋም ከቤቱ ጠፍቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቦታ እየመረጥክ ነው እንዴ?»

«ነይና ራስሽ እዪው!» አላት።

አንድ ቅዳሜ እያጉረመረመች ተከተለችው። መግቢያው ጣሪያ ያለው የእንጨት በር ነው። «ድሮ አስከሬን የተሸከሙት እዚህ አሳርፈው ቄሱን ይጠብቁ ነበር» አላት።

«ታዲያ ደጀ ሰላም ነዋ!» አለችና ምሰሶውን ተሳለመች።

ግድግዳው ላይ የጸሎት ሰዓት በጥላ ይለዩበት የነበረ ጭረት አሳያት። እሌኒ መሀሉ ካለው ቀዳዳ ጣቷን ሰክታ ጥላውን አየች። «ቅዳሴ አርፍደናል» አለች።

ጥግ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በዕድሜ ይበልጣል የሚባል፣ ሆዱ የተቦረቦረ ዛፍ ቆሟል። ለእሌኒ ያገሯን ደብር ጽድ መሰላት። ደግፌ በስንጥቁ ተጎንብሶ ገባ። ለመውጣት ሲል ግን ቦርጩ ተቀረቀረ።

«እሌንዬ፣ ሳቢኝ!»

«ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ!» ብላ እጁን ጎተተች። ወይ ፍንክች! ውሻዋን ይዛ የምታልፍ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት አየቻቸውና፣ «አይዟችሁ፣ የኔም ባል ገብቶበታል» ብላ ሌላውን ክንዱን ያዘች። ደግፌ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ፣ ራሱ ላይ ቅርፊት ተሸክሞ ወጣ።

እሌኒ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እንባው ግን ሳቁ ሲቆም አብሮ አልቆመም።

«አዲስዓለም ይህን ብታይ!» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ደግፌ አጠገቧ ተቀመጠ። «በሠርጋችን ቀን ጫማዬን የደበቀችው እሷ አይደለችም?» አላት። ያንን አንስተው ሌላ፣ ሌላውን አንስተው ሌላ ሲያወሩ መሸባቸው።

አሁን ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ጫማዋን ቀድማ የምታጠልቀው እሌኒ ናት። ሰሞኑንም ኬንት ውስጥ ሌላ አሮጌ ደብር አለ ሲሏት ሰምታ፣ የባቡሩን ሰዓት ቼክ እያደረገች ነው።