በትከሻ የሄደው መኪና

ባለቤቴ በሞተበት ክረምት ተቀምጬ ማዘን አልሆነልኝም። ሐዘንተኛ ሚስት እስከ አርባው ድረስ ከቤቷ አትወጣም፤ ሰው ወደ እሷ ይመጣል እንጂ። እኔ ግን ጥቁሬን ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከቤቴ እስከ ጋራዡ እመላለስ ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በአጥሯ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «አንቺ፣ የቀበርሽው ባልሽን ነው ወይስ መኪናውን?» አለችኝ። የተቀመጥኩ እንደሆን ጆሮዬ ወደ መንገዱ ይሄዳል፤ ከድልድዩ ማዶ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። መሄዱ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ባለቤቴ ከጀውሃና ከዙሪያው ቆላ ማሽላና ጥጥ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣበት አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ከእሱ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። ከፋሲካ በኋላ ሞተሩ ደክሞ ዳገት አልወጣ ሲለው፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ጋራዥ ለከፈተ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሰጠው። ሰውየው ሞተሩን አውርዶ፣ ፈታቶ፣ አደሰው። ሲያስረክብ እኔም ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር በቦታው ነበርኩ።

«እስከ መስቀል ድረስ ይህ ሞተር አንዳች ነገር ቢሆን በእኔ ነው» አለ ባለጋራዡ። «ያለ ምንም ክፍያ እሠራዋለሁ። ግን ካንተ በቀር ማንም እንዳይነዳው። የታደሰ ሞተር እንደ ሙሽራ ነው፤ መጀመሪያ የአንድ ሰው እጅ ይልመድ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሙሽራዬን ለማን እሰጣለሁ ብለህ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። የተነገረው ይኸው ነው፤ የተጻፈ ወረቀት አልነበረም፤ ቃሉን ግን ሦስታችንም ሰምተናል።

ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ባለቤቴ መኪናውን ወደ ጋራዡ መልሶ ወሰደው። ማታ ሲገባ፣ «ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና፣ ‹ይለምዳል፣ አትቸኩል› አለኝ» አለ። ፊቱ ግን አላመነም ነበር። በሰኔ፣ ከጀውሃ ተመልሶ ግቢያችን በር ላይ ሲደርስ ሞተሩ አንድ ጊዜ በኃይል መታና ቆመ። ባለቤቴ ወርዶ እጁን በመኪናው አፍንጫ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ፣ «ነገ እሄድበታለሁ፤ ዛሬ ብርድ ብርድ ይለኛል» ብሎ ገባ። ወባው ነበር። ከተኛበት አልተነሣም።

ለሠልስቱ ያደረጉለትን መናገር አለብኝ፤ ክርክሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። በእኛ አገር ስም ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል። ይሳባል እንጂ ማንም አይቀመጥበትም። ባለቤቴ ፈረስ አልነበረውም። የመንገድ ጓደኞቹ ሾፌሮች ተማከሩና፣ «የእሱ ፈረስ ይሄ ነው» ብለው ወደ ቆመው መኪና ሄዱ። ኮቱን በሾፌሩ ወንበር ላይ አነጠፉለት፤ ባርኔጣውን በመሪው ላይ ሰቀሉ። ሞተሩ የሞተ ስለሆነ፣ ባይሞትም አያስነሡትም ነበር፣ ከኋላና ከጎን ሆነው በትከሻቸው ገፉት። አንዱ ሾፌር በእግሩ እየሄደ በመስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ያዞራል፤ አልፎ አልፎም ክላክሱን ይነፋል። ክርስቲያኑም እስላሙም ገፋ። ያ ትልቅ ብረት ያለ ሞተር ድምፅ፣ በሰው ትንፋሽ ብቻ፣ ወደ ሜዳው ሲገባ አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

መኪናህስ መጣ በወዳጅ ትከሻ፣
የት ዋልክብኝ አንተ እስከ ፀሐይ ማምሻ?

አለች። እኔ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላስታውስም። መኪናውን በዚያው መንገድ ገፍተው መልሰው፣ ኮቱና ባርኔጣው እንዳሉ፣ ግቢዬ አቆሙት።

ሐዘኑ ትንሽ ሲበርድ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መጣ። «እትዬ፣ ደሴ ገዥ አለኝ፤ ጎማውን ለብቻ፣ አካሉን ለብቻ ይወስደዋል። የሞተ ብረት ግቢ አስቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ባለጋራዡ ቃል አለበት። ያድሰዋል» አልኩት።

«ቃሉን የሰጠው ለሟች እንጂ ላንቺ አይደለም። እስከ መስቀል ካላደሰው እኔ ገዥውን እጠራለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስቀል እንደ ባዕድ በዓል ያስፈራኝ ጀመር። ባለጋራዡ ጋ ስሄድ አንድ ቀን «ነገ ይምጡ» ይላል፤ በነጋታው ወደ ደብረ ብርሃን ሄዷል እባላለሁ። በመጨረሻ ሳገኘው ዓይኑን ከዘይት ጨርቁ ላይ ሳያነሣ፣ «እትዬ፣ ባለቤትዎ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ የሰጠሁት ሞተር ጤነኛ ነበር። በሠልስቱ ያ ሁሉ ሰው ሲነዳው ዋለ። ‹ካንተ በቀር ማንም አይንዳው› ብያለሁ፤ እርስዎም ሰምተዋል። ዋስትናው በዚያ ቀረ» አለኝ።

«ማንም አልነዳውም» አልኩ።

«ክላክሱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ አልሄድኩም፤ በቀጥታ አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ከሰስኩት።

ዳኛው የሚያስችሉት በገበያው ዳር በሮቃ ዛፍ ሥር ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ተሰብስቧል። ሐዘንተኛ ሴት ስትሟገት ለማየት የመጣም ነበረበት። ባለጋራዡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ።

«ጃንሆይ ይሙት፣ መኪናው በሠልስቱ ቀን ሲነዳ ውሏል። ክላክሱን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«የት ሆነህ ነው የሰማኸው?» አሉት ዳኛው።

«ጋራዤ ውስጥ ሆኜ።»

«አንቺስ ሴትዮ፣ ምስክር አለሽ?»

ምስክር ማምጣት ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። የሁሉም ዓይን እያየ ለሆነ ነገር ማን ምስክር ይቆጥራል? ያን ጊዜ ከሰው መሐል የአሊዩ አምባው ነጋዴ፣ ባለቤቴ ጥጣቸውን ሲጭንላቸው የኖረው ሐጂ፣ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ወላሂ፣ ሰውየው እውነቱን ነው» አሉ።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ክላክሱ ጮኋል። እኔም ከኋላ ሆኜ ስገፋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር።» ሰው ሳቀ። ሐጂው አልሳቁም። ወደ ባለጋራዡ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይህን መኪና በእጅህ ፈተህ በእጅህ ገጥመሃል። የባለቤቱን እንጀራ በልተሃል። ለቅሶ ደርሰህ ቢሆን ኖሮ በሞተር ይሁን በትከሻ እንደሄደ ታይ ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብለህ ክላክሱን ብቻ ሰማህ?»

ዳኛው ሰዉን አዩና፣ «መኪናውን የገፋ እጁን ያውጣ» አሉ። ከሽንኩርት ሻጮቹ፣ ከሾፌሮቹ፣ ከገበሬዎቹ እጅ ወጣ። ከዳኛው ኋላ የቆመው ዘበኛም ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻው አዛውሮ እጁን አወጣ።

«አንተም?» አሉት ዳኛው።

«የቀኝ ጎማው በኩል ነበርኩ ጌታዬ።»

ዳኛው ሊፈርዱ ሲሉ ሐጂው፣ «ፍርዱ ይደርሳል» አሉ። «መጀመሪያ ለቅሶውን ይድረስ።»

ዳኛውም ፍርዱን አቆዩት፤ በነጋታው ጠዋት ባለጋራዡ ከሠራተኞቹ ጋር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ሾፌሮቹ መኪናውን ወደ ጋራዡ ሊገፉ ተሰብስበው ነበር። እሱ ሳይጠራ ሄዶ ከኋላ ትከሻውን አስጠጋ። የባለቤቴ ወንድምም ከጎኑ ቆሞ ገፋ፤ ስለ ደሴው ገዥ ከዚያ ቀን በኋላ አላነሣም። አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ ለማረፍ ቆሙ። እኔም ውኃ ይዤ ተከትያቸው ነበርና ለባለጋራዡም ሰጠሁት። ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስልኝ በዝግታ፣

«ያን ቀን ይዞት ሲመጣ ማንኳኳቱን ሰምቼው ነበር» አለ። «አንድ ነገር ከልክ በላይ እንዳጠበቅሁ፣ አንድ ነገር ደግሞ እንዳላላሁ አውቄዋለሁ። እንደገና መፍታቱን ፈራሁ። ከዚያ ሞተ ሲሉኝ በየትኛው ፊቴ ለቅሶ ልምጣ?»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። «ግፋ» አልኩት ብቻ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ከጋራዡ መልእክት መጣ፦ የሞተሩ ሥራ አልቋል፤ ግን ይምጡ። ስደርስ መኪናው አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። መኪናውን እንዲነዳልኝ የቀጠርኩት ሾፌር የባለቤቴ ጓደኛ በጋቢናው በር አጠገብ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። መካኒኮቹ በጎን ተንጠልጥለው እንጂ በወንበሩ ላይ ተቀምጠው እንዳልሠሩ ነገሩኝ።

«እትዬ፣ ኮቱን ካላነሡልኝ አልወጣም» አለኝ ሾፌሩ።

በመርገጫው ላይ ወጣሁ። ኮቱ በአቧራ ነጥቷል፤ የፀሐይ ሙቀት ይዟል፤ አንገቱ ግን አሁንም የእሱ ነበር። አንስቼ በክንዴ ላይ አጠፍኩት። ባርኔጣውን ከመሪው ላይ አወረድኩ። ከዚያ ወረድኩ፤ ጓደኛው ወጣ፤ ሞተሩም ተነሣ።

ሁሉም ወደ ሞተሩ ጆሮውን ጣለ። ባለጋራዡ ከሁሉ ይልቅ። እኔም ኮቱን እንደታቀፍኩ ያንን ማንኳኳት ጠበቅሁት። አልመጣም። መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቶ በጀውሃ አቅጣጫ ሄደ፤ ድምፁ ከድልድዩ ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።