ዝናብ ያጠበው የጎማ ዱካ

ቅዳሜ ጠዋት ከሶዶ የተነሣነው ለጸሎት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ ወታደሮች ኅብረት አለ፤ እኔም በሠራዊቱ ውስጥ በሃምሳ አለቃ ማዕረግ የሕክምና ረዳት ሆኜ አገልግዬ ስለተመለስኩ አባል ነኝ። ልጆቻቸው በውትድርና ላይ ያሉ ወላጆችን ልንጎበኝና አብረናቸው ልንጸልይ ወደ ሁምቦ ቆላ መውረድ ነበረብን። ከመዘምራን እህቶች ጋር አንድ ቅጥቅጥ ሞላን። መናኸሪያውን ሳናልፍ መዝሙር ተጀመረ፤ እኔ ድምፄ ስለማያምር አጨበጨብኩ።

ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ከታምራት ጎን የተቀመጠው አስር አለቃ ዳንሳ ነው። ዳንሳ በሠራዊቱ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን መኪናው ፈንጂ ረገጠ፤ እሱ ተረፈ፣ አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም። አሁን ወፍጮ ቤት ይሠራል። ጥይት ያልበገረው ሰው መሪ ጨብጥ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። አሾፍበታለሁ፣ እሱም አብሮኝ ይስቃል፤ መሪውን ግን አይነካም።

እስከ ጠበላ ከተማ አስፋልት ስለሆነ ጉዞው ቀላል ነበር። እዚያ ወርደን ማንጎ ገዛን። ከሶዶው ዋጋ በግማሽ ቢቀንስም ልማዴ ነውና ከሻጯ ጋር ክርክር ገጠምኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሴትዮዋን ማርከሽ ልትወስጃት ነው እንዴ?» ብሎ ዳንሳ አሳቀብኝ።

ኮረኮንቹ መንገድ

አስፋልቱን ለቀን ወደ ገጠሩ ስንገባ ሙቀቱ ተቀበለን። በአንድ በኩል መልሰው ደን የለበሱት ኮረብታዎች፣ ከታች ደግሞ በቆሎ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የዓባያ ሐይቅ ይታያል። ዳንሳ ግን ዓይኑ ከመንገዱ አልተነቀለም።

«ዱካውን ያዝ! ከፊት የሄደው መኪና በረገጠበት እርገጥ!» ይላል።

ፈንጂ ባለበት ምድር የነዱ የጦር ሹፌሮች ልማድ ነው። ቀድሞ ያለፈ መኪና ጎማ የረገጠው ቦታ የተፈተነ ነው፤ ከዚያ ውልፍት የለም።

«ጋሽ ዳንሳ፣ እዚህ እኮ የሚያልፈው ፍየል ነው» አለ ታምራት።

«የፍየልም ቢሆን ያዝ!»

ከኋላ ያሉት እህቶች በሳቅ ፈነዱ።

ጸሎት ቤቱ

በቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት ናት። ቅቅል ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ ዳጣ ከሚባለው የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ጋር ቀረበልን። ዳጣው እንባዬን አወረደው፤ እናቶቹ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው «አሜን» ሲሉ አላስተባበልኩም። ከዚያ ወይዘሮ ቦጋለች የሚባሉ እናት ዳንሳን ፊት ለፊት ጠየቁት። የበኩር ልጃቸው በግዳጅ ላይ ነው።

«ልጄ ስልክ ሲደውል ‹አልፈራም እማዬ› ነው የሚለኝ። እውነት ነው እንዴ?»

እኔ ብሆን ኖሮ የሚያጽናና ነገር ፈልጌ እላቸው ነበር።

«ውሸቱን ነው እናቴ» አለ ዳንሳ። «ይፈራል። እኔም እፈራ ነበር። ፈርተን እየጸለይን ነው የምናድረው።»

ወይዘሮ ቦጋለች ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ተመስገን! እኔ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ፣ እምነት የጎደለኝ መስሎኝ አፍሬ ነበር። አንተስ ልጄ፣ አሁን ፍርሃቱ ተወህ?»

«መሪ ሳይ ይነሣብኛል።»

እየጸለይን ሳለን ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ዝናብ የናፈቀው ቆላ ነውና ጸሎቱ በእልልታ አለቀ። ደስታችን ግን አልቆየም። ታምራት ጥግ ላይ ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል። ወባ መሆኑን ለመገመት ብዙ አላሰብኩም፤ ያሳሰበኝ ንግግሩ መዘባረቁ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚያዋጣው ሶዶ ሆስፒታል ብቻ ነው። ስልክ አይሠራም፤ ራሱን መደገፍ ያቃተውን ሰው በሞተር አያጓጉዙትም። እኔ መርፌ እንጂ መሪ አላውቅም። ሁላችንም ዳንሳን አየነው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሄዶ በሹፌሩ ወንበር ተቀመጠ። መሪውን ጨበጠ። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ልጁን ግን አድርስልኝ» ሲል ሰማሁት። ሞተሩ ተነሣ፤ ከግቢው ወጣንና ቆምን።

ዝናቡ መንገዱን አጥቦ ለጥ አድርጎታል። የጎማ ዱካ ቀርቶ የፍየል ኮቴ አይታይም። ዳንሳ የሚረግጠው የተፈተነ ቦታ አጣ። እግሩ ፍሬኑ ላይ ደረቀ። ኋላ ታምራት ያቃስታል። እዚህ ፈንጂ እንደሌለ ዳንሳም ያውቃል፤ እግሩ ግን አላመነም። ልገስጸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ሊሸኙን የወጡት ወይዘሮ ቦጋለች በመስኮቱ በኩል አዩት። ጫማቸውን አውልቀው ከመኪናው ፊት ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«ና ልጄ! እዚህ የተቀበረው በቆሎ ብቻ ነው። ጦሲ ዴኤስ፣ እግዚአብሔር አለ!»

መዘምራኑ ተከትለዋቸው ወረዱ። እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም፤ ከፊሎቹ በግራ ጎማ፣ ከፊሎቹ በቀኝ ጎማ አቅጣጫ ተሰለፉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እየዘመሩና እየተንሸራተቱ ሄዱ። ከኋላቸው ሁለት መስመር የእግር ዱካ ተዘረጋ። ዳንሳ ፍሬኑን ለቀቀ። ዱካውን እየረገጠ በእርምጃ ፍጥነት ተከተላቸው። ታምራትን ደግፌ እያለቀስኩ ነበር፤ በዚህኛው ዳጣው የለበትም።

ጥቂት እንደሄድን ጡሩምባ ነፋ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ግቡ በሉ! በዚህ አካሄድማ ታምራት ሳንደርስ ድኖ እሱ ይነዳናል!»

እየተሳሳቁ ተሳፈሩ። ወይዘሮ ቦጋለች ብቻ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ቀሩ። ዳንሳ በመስኮቱ እጃቸውን ሳማቸውና «ልጅዎ ሲደውል ‹ፍራ፣ እኔም እየፈራሁ እጸልይልሃለሁ› ይበሉት» አላቸው። ከዚያ ማንም ያልረገጠውን መንገድ ያዘ። ወደ አስፋልቱ እስክንወጣ ትንፍሽ ያለ የለም፤ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግን መዝሙሩ ጣራውን ሊገነጥለው ደረሰ።

ሶዶ

ታምራት መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሲመሽ ሾርባ ጠይቆ ጠጣ። እኔ በሠራዊቱ ሳለሁ ለፈራ ሁሉ «አትፍራ» እል ነበር፤ የሐኪም ማዘዣ ይመስል። ፍርሃት ያለበት ሰው እግዚአብሔርን የጣለ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ፍርሃቱ ሳይለቀው በእግዚአብሔር የታመነ ሰው እየነዳ ሶዶ አደረሰኝ። ከእንግዲህ የፈራ ወታደር ቢያጋጥመኝ ፊት ፊቱ እሄድለታለሁ እንጂ ልገስጸው አልደፍርም።

ሆስፒታሉ በር ላይ የዳንሳን እጅ ይዤ የደም ሥሩን ለካሁ። እንደ ከበሮ ይመታል።

«አሁንም ፈርተሃል?»

«በጣም።»

የመኪናውን ቁልፍ ተቀብዬ ለታምራት ላስቀምጥለት እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«ነገ እሑድ ነው» አለ። «መዘምራኑን ማን ሊያመጣቸው ነው?»