ሁለት የጌም እጀታ ልመረምር ወደ ባሕር ዳር

ከጎንደር የተነሣሁት ጥቅምት ውስጥ፣ ሰኞ ጧት ነው። የሄድሁበትን ጉዳይ ለሰው ስነግረው ይስቃል፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። ታናሽ እኅቴ ስንዱ ባሕር ዳር ባንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ የዕቃ ኃላፊ ነበረች። ክበቡ ከቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ የሚያጫውት የኮምፒውተር ጌም ነበረው፤ በደርግ ጊዜ እንኳን ባሕር ዳር አዲስ አበባም ብርቅ ነው። የጌሙ ሁለት እጀታዎች፣ አዋቂ ነን ባዮች ጆይስቲክ የሚሏቸው፣ ተከታትለው ሞቱ። ኮሚቴው «በሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ተሠርቷል» ብሎ ስንዱን ለሐሙስ ጠራት። አሻጥር የሚለውን ቃል ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ከሥራ መባረር ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር፤ የከፋውን ማሰብ አልፈለግሁም።

እኔ ጎንደር ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ስንዱ በስልክ «ጋሼ፣ ባለሙያ አምጪ ብለውኛል፤ ከየት ላምጣ?» ስትለኝ «ከቤትሽ ነዋ!» አልኋትና ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና ቴስተሬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሐሳቤ ቁርጥ ነበር፤ እጀታዎቹ ድሮም የማይረቡ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው ብዬ መስክሬ እኅቴን ነፃ አወጣለሁ። ዕቃዎቹን በዓይኔ አላየኋቸውም። ፍርዱን ግን አውቶቡሱ አዘዞ ሳይደርስ ጨርሼው ነበር።

እስከ ዓባይ ማዶ

መሳፈሪያው ስምንት ብር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ጣና ውስጥ ካሉት ገዳማት ባንዱ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» አልኋቸው፤ ወዴት ነህ ቢሉኝም «የልጆች መጫወቻ ልጠግን» ብዬ ባጭሩ መለስሁላቸው። ማክሰኝት ገበያ ስለነበር አውቶቡሱ ቆሞ በግና የሽንኩርት ጆንያ ጣራው ላይ እስኪጫን ድረስ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ሾፌሩን ብንጮኽበት «በጉም ከፍሏል» አለን።

ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት ካሳየን በኋላ አንድ ወታደር ቦርሳዬን ከፈተና ቴስተሬን ከነሽቦው አንጠልጥሎ አወጣው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቴስተር ነው፤ ኤሌክትሪክ ይለካል።»

«የምን ኤሌክትሪክ?»

«የሬዲዮ» ብል ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሬዲዮ ካለ መገናኛ አለ፤ መገናኛ ካለ ሰላይ አለ፤ ወታደሩ ዓይን ውስጥ ሐሳቡ ሲሄድ ይታየኛል። ያዳኑኝ የኔታ ናቸው።

«ልጄ፣ ተወው እባክህ። ይህ ሰው የልጆች መጫወቻ ሊጠግን ነው የሚሄድ።»

ወታደሩ እኔን አየ፣ ሽበቴን አየ፣ ሣቀና ቦርሳዬን መለሰልኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ የኔታ ነገሩን በደንብ ጠየቁኝ፤ እኔም የስንዱን ጉዳይ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው።

«እንግዲህ ለመጫወቻ ነው ሰው የሚከሰስ?»

«አዎ የኔታ።»

«እግዚኦ!» አሉና እስከ አዲስ ዘመን ከተማ ድረስ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሄዱ።

ፎገራ ሜዳ ላይ የክረምቱ ውኃ ገና አልሸሸም ነበር። ከብቱ እስከ ሆዱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይግጣል፤ በስተቀኝ ጣና ብልጭ እያለ ይጠፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮት ላይ ተለጥፌ በቀረሁ፤ ያን ቀን ግን ለኮሚቴው የምናገረውን ስደረድር ዋልሁ። ማምሻውን ከዓባይ ድልድይ ወዲህ፣ ዓባይ ማዶ ስወርድ ስንዱ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች። «ምነው እንዲህ አለቅሽ?» ስላት «ኧረ ደኅና ነኝ» አለችኝና ቤቷ ወስዳ የአሳ ጥብስ አቀረበችልኝ። እሷ ግን አንድ ጊዜ ጎርሳ ተወችው።

ክበቡ ውስጥ

ማክሰኞ ጧት ድልድዩን በእግራችን ተሻግረን ክበቡ ደረስን። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ታረቀኝ ካኪ የለበሰ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚያንስ፣ ፈገግታ የሚባል ያልፈጠረበት ሰው ነው። እጀታዎቹን ከተቆለፈ ቁም ሣጥን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸውና አጠገቤ ቆመ።

ሁለቱም ላስቲክ ለብሰዋል። ስንዱ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣ፣ ጠርዙን በሻማ እሳት አጣብቃ፣ በልካቸው ሠርታላቸዋለች። ሰው ሁሉ የሚጫወተው ከነላስቲኩ ነው። እሷ ደግሞ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ትቆልፍባቸዋለች።

«አየህ ጓድ ታረቀኝ! አሻጥር የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለብሳል?» አልሁ።

«ማልበሱን አይተናል። ለምን እንደሞቱ ነው የጠየቅን» አለኝ።

የጌም እጀታ ጥራት እንዲህ ነው የሚታየው። መጀመሪያ በእጅ ትመዝነዋለህ፤ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል አይረባም። ቀጥለህ ከላዩ የቆመውን ዱላ ወዲያና ወዲህ እያዘነበልህ ጆሮህን ትሰጣለህ፤ በአራቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ቀጭ ማለት አለበት። ገመዱ ከሳጥኑ የሚወጣበትን አንገት ታጥፈዋለህ፤ ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ ብሎኑን ፈትተህ ሆዱን ታያለህ።

ላስቲኩን ገፈፍሁና አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። ክብደት አላቸው። የገመዱ አንገት ወፍራም ነው፤ መቶ ጊዜ ባጥፈው ደንታ የለውም። ስፈታቸው የዱላው ሥር አውራ ጣቴን ያህላል፤ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ርካሽ ዕቃ ናቸው ልል መጥቼ እንዲህ ያለ የተዋጣለት ሥራ ሳይ ተናደድሁ። በዕቃ ጥራት የተናደድሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የሞቱበት ምክንያት ግን ወዲያው ታየኝ፤ ዱላው ሲያዘነብል የሚነካካው ቀጭን ብረት ሁሉ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል።

«እርጥበት ነው። ሐይቁ ነው የገደላቸው» አልሁ።

ጓድ ታረቀኝ ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል «የጢስ ዓባዩስ?» አለኝ። ጌሙን ለክበቡ ሰጥቶ ወደ አገሩ የተመለሰው ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ልክ አንድ ዓይነቱን ጢስ ዓባይ ላሉት የመብራት ማመንጫ ሠራተኞችም ሰጥቷል። «እዚያ ፏፏቴው ሌት ተቀን ይረጫል። እነሱ ግን ዛሬም ይጫወታሉ። ታዲያ የእኛን ብቻ መርጦ ያዛገው ማን ነው?»

ስንዱ ዓይኔን ታያለች። «ሄጄ አየዋለሁ» አልሁት።

ጢስ ዓባይ

ረቡዕ ጧት እህል አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድሁ። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ ስደርስ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። በሠራተኞቹ መኖሪያ ያገኘሁት ሙሉጌታ የሚባል መካኒክ ነው፤ ደልዳላ፣ ሣቂታ ሰው። እጀታውን አሳየኝ ስለው ካልጋው ሥር ከጫማዎች መሐል ጎትቶ አወጣልኝ።

አቤት መልኩ! ጥጉ ተቦርቡሯል፣ ዱላው ከላብ ብዛት ወዝቷል፣ ጫፉ ላይ ክር ተጠምጥሟል። ጌሙ ላይ ብንሰካው ግን እንደ አዲስ ሠራ። አንድ ዙር ተጫውተን አሸነፈኝ፤ ደገመኝም።

«እንደምን ነው የምትይዙት?» አልሁት።

«ኧረ ምን መያዝ አለው? እንጫወትበታለን። ሲርስ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ስንናደድ ግድግዳ ላይ እንወረውረዋለን።»

ፈታሁት። ውስጡ ያለው ብረት ያብረቀርቃል። ለካ በተነካካ ቁጥር ራሱን በራሱ ይጠርጋል፤ የገባው እርጥበትም በየቀዳዳው ወጥቶ ይደርቃል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የስንዱ እጀታዎች መውጫ አልነበራቸውም። የተጫዋቹ ላብና የእርጥብ ጨርቁ ውኃ በገመዱ ሥር ይገባል፤ ላስቲኩ አፍኖ ያስቀረዋል። ለእኅቴ መከላከያ ብዬ የያዝሁት ላስቲክ፣ ለካ ገዳዩ እሱ ኖሯል።

ሙሉጌታ ፏፏቴውን ሳታይማ አትሄድም ብሎ ወሰደኝ። ቆሜ አየሁት። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ የስንዱ ፊት ነበር የሚታየኝ።

ሐሙስ

ማታውኑ ነገርኋት። እንባዋ መጣ።

«እንግዲያስ እውነታቸውን ነው ጋሼ፤ እኔ ነኛ ያበላሸሁት።»

«አንቺ ነሽ። ግን ወድደሽ አይደለም።»

«ዕቃው ድሮም አይረባም ብንላቸውስ? እንደዚያ ልትል አልነበር የመጣህ?»

አልዋሽም፣ እኔም መንገዱን ሙሉ ያንኑ ሳስብ ነበር። «ነበር። ዛሬ ግን አልልም። ነገ ከአዲስ አበባ ሌላ ባለሙያ አምጥተው ቢያስፈትሹት ያን ጊዜ እውነትም አሻጥረኛ ትባያለሽ። ደግሞ ጥሩ ዕቃ መጥፎ ነው ብዬ በሙያዬ አልቀልድም። እውነቱን ተናግረን እንወጣለን፤ ነይ እራትሽን ብዪ» አልኋት። ከመጣሁ ወዲህ ጠግባ ስትበላ ያየኋት ያን ማታ ነው።

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ኮሚቴው በሙሉ ተሰብስቦ ነበር። የተቀመጡት ክበቡ በዚያ ዓመት በገዛቸው አዳዲስ ወንበሮች ላይ ነው። እጀታዎቹን ፈትቼ ዝገቱን አሳየኋቸው፤ ጢስ ዓባይ ያየሁትንም ነገርኋቸው። «ዕቃው ጠንካራ ነው፤ እኔ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል። የገደለው ላስቲኩ ነው» ብዬ ጨረስሁ።

ጓድ ታረቀኝ «ላስቲኩን ያለበሰው ማን ነው?» አለ።

ስንዱ እኔን ሳትጠብቅ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

የኮሚቴው ጸሐፊ መጻፍ ጀመረ። እኔ ደሜ ፈላ። «ጓዶች፣ ከመጻፋችሁ በፊት እስቲ የተቀመጣችሁበትን እዩት!» አልሁ። ሁሉም ዝቅ ብሎ አየ። ወንበሮቹ ከተገዙ ጀምሮ የፋብሪካ ላስቲካቸው አልተገፈፈም። አንድ ወፍራም ሰውዬ ደንግጦ ሊነሣ ሲል ላስቲኩ ሥሩ ሲንኮሻኮሽ አዳራሹ ሁሉ ተሰማው። ከኋላ አንዲት ሴት ሣቅ አመለጣት። እኔም ቀጠልሁ፤ «ይህ አሻጥር ከሆነ እዚህ ያለን ሁላችን አሻጥረኞች ነን። እኔም ቤቴ ያለውን ሶፋ ላስቲኩን አልገፈፍሁም!»

ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው የፈራሁት። ጓድ ታረቀኝ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ወንበሩን ዳሰሰ፣ እኔን አየ።

«መጠገን ይቻላል?» አለ።

ከጸሐፊው ላጲስ ተቀበልሁ፤ የአንዱን እጀታ አረንጓዴ ዝገት በላጲስ ፈትጌ፣ ከቦርሳዬ ባወጣሁት አልኮል ጠርጌ፣ እዚያው ገጠምሁትና ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ብቅ አለች።

«ያዢና አሳዪን» አላት ጓድ ታረቀኝ ስንዱን።

«አልችልም።»

«ሁለት ዓመት እጅሽ ላይ ቆይቶ እንዴት አትችዪም?»

«ተጫውቼ አላውቅም፤» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ጓድ ታረቀኝ ጸሐፊውን «ሰርዘው» አለው። ከዚያ ራሱ እጀታውን አንሥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «ተጫወቺ እንጂ!» አላት፤ ድምፁ ቁጣ ቁጣ ይላል እንጂ ቁጣ አልነበረም። ስንዱ ዱላውን በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው፤ አውሮፕላኗ ወዲያው ከአንድ ነገር ጋር ተላትማ ጠፋች። «ውይ! ሰበርሁት!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እሷም እያለቀሰች ሣቀች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ጎንደር

ዓርብ ተመለስሁ። ለኬላው ወታደር ቴስተሩን ሳይጠይቀኝ አውጥቼ አሳየሁት። ከዚያ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው፤ የዕቃን ጥንካሬ ሳትነካው አታውቀውም፤ ፈርተህ የሸሸግኸውም ዕቃ ከተገለገልህበት ቀድሞ ሊሞት ይችላል። በሰው ላይ ደግሞ ሳላይ አልፈርድም ብያለሁ፤ እጠብቀው እንደሆነ እንጃ።

ከገና በኋላ አንድ ቀን የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ረዳት በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ። ብፈታው እጀታው ነው፤ ላስቲክ የለውም፣ ጥጉ ተቦርቡሯል፣ ያ አውራ ጣቴን የሚያህል ዱላ ከሥሩ ተገንጥሏል። ደንግጬ ወዲያው ስልክ ደወልሁ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ጓድ ታረቀኝን አሸንፌው ወረወረው፤» አለችኝ ስንዱ፣ ከኋላዋ ጫጫታው ይሰማል። «ማንም አልተከሰሰም። ቶሎ ጠግነህ ላክልን።»